ከኮሪደሩ የተቀዳ ውሃ

ሰኞ ማታ

ማሽኑ መጣ። የዕቃ መደብሩ ሻጭ «እርጥበት መጣጭ» ይለዋል። ትንሽ ፍሪጅ የሚያክል ነጭ ሳጥን ነው። ከጀርባው አየር ይስባል፣ ከፊቱ ደረቅ አየር ይተፋል፣ ሆዱ ውስጥ ባለው ባልዲ ውሃ ያጠራቅማል። አናቱ ላይ የቤቱን እርጥበት ከመቶ ስንት እንደሆነ በቀይ ቁጥር ያሳያል። ሻጩ «ከስልሳ ካለፈ ሻጋታ ይወደዋል፣ ከአርባ ከወረደ ጉሮሮ ይደርቃል፣ መሃሉ ላይ ያቆዩት» አለኝ። መሃሉ ላይ መቆየት እችልበታለሁ። እማዬ ከሞተች ወዲህ አላዝንም፣ አልስቅም። በማሽኑ ቁጥር ሃምሳ ላይ ነኝ።

ኮሪደሩ ላይ ሰካሁት። ሰማንያ አንድ አለ። የባሰበት ኮሪደሩ ነው፤ ከእማዬ ክፍል ጋር የሚያዋስነው ግድግዳ ቀለሙ ተልጧል፣ ከታች በኩል ጥቁር ሻጋታ ጀምሮታል።

አባዬ ወንበር ስቦ ማሽኑ ፊት ተቀመጠና ውሃው ባልዲው ውስጥ ጠብ ጠብ ሲል ያይ ጀመር።

«ከየት ነው የሚያመጣው?» አለ።

«ከአየሩ።»

«ከአየሩ! ታዲያ ንጹህ ነዋ።»

ደስ አለው። ደስ ሲለው ካየሁት ቆይቻለሁ።

ረቡዕ ማታ

ወንድም ጋሼ ደወለ። ከኔ ጤና በፊት የሚጠይቀው የግድግዳውን ጤና ነው።

«ደረቀ?»

«ማሽኑ ገና መግባቱ ነው።»

«ስሚ፣ ነገር አላንዛዛም። ዝናቡ ሲያበቃ እመጣለሁ። ቤቱ እንደዚሁ ከሆነ ይሸጣል፣ አባባም እኛ ሰፈር ያለው የአረጋውያን ማረፊያ ይገባል። ክፍሉን ሄጄ አይቼዋለሁ። ፀሐይ አለው።»

«አባዬ ከዚህ ቤት ወጥቶ ምን ይሆናል?»

«እዚያስ ሻጋታ እየሳበ ምን ይሆናል? አንቺ እንደሆነ ቀኑን ሙሉ ሥራ ላይ ነሽ።»

ክፉ ሰው አይደለም። ክፉ ቢሆን ይቀለኝ ነበር፣ ስልኩን ጆሮው ላይ እዘጋበት ነበር። አባዬ «ማን ነው?» አለኝ። «ልጅህ።» «ምን አለ?» «ሰላም በይልኝ አለ» አልኩት። አላለም።

ስለዚህ ግድግዳው መድረቅ አለበት። አባዬ እዚሁ የሚቆየው ግድግዳው ከደረቀ ብቻ ነው። ሌላ የማስብበት ነገር የለኝም።

ሐሙስ፣ በምሳ ሰዓት

ካውያው እስኪግል። ጠዋት ስልሳ ስምንት። ጥሩ ነው።

ቀኑን ሙሉ ላውንደሪ በእንፋሎት ልብስ ስተኩስ እውላለሁ፣ ማታ ቤቴ ገብቼ እንፋሎት አባርራለሁ። አዝራር የምትተክለው ባልደረባዬ (ራሷንም አዝራር ነው የምንላት) «አንቺ ሴትዮ፣ በደሞዝሽም በነፃም እንፋሎት ነሽ» አለችኝ። ሁሉም ሳቁ። እኔም ፊቴን የሚስቅ ሰው ፊት አደረግኩት። ከሽንት ቤት ስወጣ ግን ስለ ካፖርቴ ሲያወሩ ሰማሁ። ሻጋታ ሻጋታ ይላል ነው የሚሉት። «ተያት፣ ሰው ሞቶባት ነው» አለች አዝራር።

አለቃ መጣ።

እሁድ

ቤቱን ወጥሬ ይዤዋለሁ። የታጠበ ልብስ ቤት ውስጥ ማስጣት ቀርቷል። ክዳን የሌለው ድስት አይጣድም። መታጠቢያ ቤቱ ውስጥ ያለውን ቬንቲሌተር ጠራርጌ አስነሳሁት። ቁም ሣጥኑን ከግድግዳው ፈቀቅ አደረግኩት፤ አየር ይግባበት። ዝናብ ሲሆን መስኮት መዝጋት ነው። ሻጩ «መስኮት ከፍተው ማሽኑን ካስነሱት ሰማዩን ነው የሚያደርቁት» ብሎ ሊያስቀኝ ሞክሯል። ልብስ መሃል ደግሞ ጨው በሰሃን አስቀመጥኩ፣ እርጥበት ይስባል ስለሚባል። አባዬ እሱን ጨው አውጥቶ ሾርባው ውስጥ ገለበጠው። ሾርባው አልተበላም። «ጨውን ቁም ሣጥን ውስጥ የሚያስቀምጥ ሰው ነው ጥፋተኛው» አለ። እውነቱን ነው።

ግን ይረዳኛል። ማታ ስገባ የማሽኑ ባልዲ ባዶ ነው፤ ቀን ቀን እሱ ነው የሚደፋልኝ። ሳልነግረው! ይሄን ለወንድም ጋሼ እነግረዋለሁ።

የማይገባኝ ቁጥሩ ነው። ጠዋት ስልሳ ሁለት ትቼው እሄዳለሁ፣ ማታ ሰባ ስድስት ሆኖ ይጠብቀኛል። የሚጨምረው ቀን ላይ ነው። ቀን ደግሞ ቤት ውስጥ የሚጣድ፣ የሚታጠብ ነገር የለም።

የእማዬን ክፍል አላየሁትም። በሩ ዝግ ነው። አልቻልኩም አልልም። አልገባሁም፣ በቃ። ኮሪደሩን ስጠርግ መጥረጊያው በሩን ነካውና አባዬ ከሳሎን «ቀስ በይ!» አለኝ። ሰሞኑን ይሄን ያበዛል። ራሱን እያመመው ይሆናል።

ማክሰኞ

ሬዲዮው ሞተ። ጠጋኙ ውስጡ እርጥበት ገብቶበታል አለ። ድሮ ሬዲዮ ዝም ካለ አባዬ ቤት ይገለብጥ ነበር። አሁን ግድም አልሰጠው።

ለእራት ሦስት ሰሃን አወጣ። አንዱን መለስኩት። ልማድ ነው። ስንት ዓመት ሲያወጣ የኖረ እጅ ራሱ ያወጣል።

ዓርብ ማታ

ነገሩ ከላይ ነው። ሌላ ሊሆን አይችልም።

ከላያችን የሚኖሩትን ሴትዮ እትዬ ኮቴ ያለቻቸው እማዬ ናት። ቤታቸው ውስጥ ጫማ አያወልቁም፣ ከየትኛው ክፍል ወደ የትኛው እንደሚሄዱ ጣራችን ይነግረናል። ወጥቼ አንኳኳሁ።

«የመታጠቢያ ቤትዎ ቧንቧ ያፈሳል።»

«የኔ ቧንቧ? የኔ ቧንቧ አንድ ጠብታ አፍስሶ አያውቅም።»

«ታዲያ ግድግዳችን ላይ የሚወርደው ምንድን ነው?»

«እኔ ምን አውቄ! ከናንተ ነዋ። ደግሞ በዚህ ሌሊት በሰው ደጃፍ አትጩሂ።»

ሌሊት አልነበረም። ደሜ ፈላ። ያልኩትን ሁሉ እዚህ አልጽፈውም። አንዱን ግን ካልጻፍኩት አይለቀኝም። «እናቴ ስትሞት ደርሰው እንኳን ያልጠየቁን ሰው» አልኳቸው። ከማንም በፊት የደረሱት እሳቸው ነበሩ። ፊታቸው ተለዋወጠ። በሩን በቀስታ ዘጉት። ቢወረውሩብኝ ይሻለኝ ነበር።

ሰኞ ማታ

እትዬ ኮቴ በራሳቸው ወጪ ቧንቧ ሠራተኛ አስመጥተው እኔን ጠሩኝ። ሰውየው ሴራሚኩን አንኳኳ፣ መገጣጠሚያውን ሁሉ በጨርቅ እየነካ ጨርቁን አሳየኝ። «እህቴ፣ ይሄ ቤት እንደ ብስኩት ደረቅ ነው። ውሃው እናንተው ጋ ነው የሚሠራው» አለ። መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠኝ ምንም አልልም ነበር።

እሳቸው አልተኩራሩብኝም። እስከ ደረጃው ሸኙኝና ቆም አሉ።

«ቀን ቀን እናንተ ቤት ማን አለ?»

«አባዬ ብቻ።»

«ታዲያ ከማን ጋር ነው የሚያወራው?»

«ሬዲዮ ነው» አልኩ።

«እሺ፣ ሬዲዮ ይሁን» አሉ።

ምን አገባቸው? ሽማግሌ ሰው ብቻውን ቢያወራ ምን አለበት? እኔም ከካውያው ጋር አወራለሁ።

ረቡዕ

ሰባ ዘጠኝ። የማሽኑን ማጣሪያ አጠብኩት፣ ለውጥ የለም። ሻጩ ጋ ደወልኩ። «ማሽኑ ደህና ነው። ቤት ውስጥ ውሃ የሚያመነጭ ነገር ይፈልጉ» አለ። ምን? እኔና አባዬ ብቻ ነን።

ዝናቡ እየሳሳ ነው። ወንድም ጋሼ እሁድ እመጣለሁ አለ።

ሐሙስ ማታ

ዛሬ የላውንደሪው ቦይለር ተበላሸ። አለቃ እየተሳደበ ሁላችንንም ከምሳ በፊት ወደየቤታችን አሰናበተን።

ቁልፍ አዙሬ ስገባ አባዬ አልሰማኝም። ኮሪደሩ ላይ ተንበርክኮ የማሽኑን ባልዲ እያወጣ ነበር። ጢም ብሎ ሞልቷል። ግድግዳውን ተደግፎ ተነሳ፣ ባልዲውን በሁለት እጁ አቅፎ ጠብታ ሳያፈስ በእርጋታ ተራመደ፣ የእማዬን በር በክርኑ ገፍቶ ገባ።

ተከትዬው ደፉ ላይ ቆምኩ።

አልጋው ተነጥፏል። ቀና ብላ ስለነበር የምትተኛው ሁለቱ ትራሶች ተደራርበዋል። ነጠላ ጫማዋ አልጋው ሥር ጎን ለጎን ተቀምጧል፣ አፉ ወደ ውጪ፣ ስትነሳ እንዲመቻት። ራስጌዋ ላይ ደግሞ ያ የእንፋሎት ማሽን ጉም ይተፋል። የዛሬ ሦስት ዓመት ሐኪሙ ደረቅ አየር ደረቷን እንዳይጎዳው ብሎ ያዘዘላት፣ ወንድም ጋሼ የገዛላት። እኔ ከሌላው ዕቃዋ ጋር ለሰው የተሰጠ መስሎኝ ነበር። ጉሙ አልጋውን አልፎ ከኮሪደሩ ጋር የሚያዋስነው ግድግዳ ላይ ያርፋል። ግድግዳው ከላይ እስከ ታች ያልበዋል።

አባዬ ክዳኑን ከፍቶ፣ ንጹህ ነጭ ጨርቅ አፉ ላይ ዘርግቶ፣ ውሃውን ከባልዲው እያጠለለ ጨመረ።

«አባዬ።»

«ቀስ በይ» አለኝ በሹክሹክታ። «አሁን ገና ነው እንቅልፍ የወሰዳት።»

ብዙ የምጠይቀው ነበር። ከአፌ የወጣው ግን የማይረባው ነው። «ለምን በዚህ ውሃ?» አልኩት።

«ታዲያ በምን? የቧንቧው ነጭ ዱቄት ይተፋል፣ ደረቷ ላይ ይቀመጣል ብሎ የለም ሐኪሙ? ለመኪና ባትሪ የቧንቧ ውሃ ይጨመራል እንዴ?» ዕድሜውን የጨረሰው ከባድ መኪና ሲነዳ ነው። «በፊትማ እያፈላሁ፣ እያቀዘቀዝኩ፣ ወገቤ ሊቆረጥ። አንቺ ይሄን ማሽን ስታመጪላት ምን ልበልሽ! ነግሬያታለሁ። ልጅሽ ከአየር ላይ ውሃ የሚቀዳ ነገር ገዛችልሽ አልኳት። መርቃሻለች።»

እንግዲህ ይኸው ነው። የኔ ማሽን ከኮሪደሩ ይቀዳል። አባዬ ወደ ክፍሉ ይወስዳል። የእሷ ማሽን ይነፋዋል፣ ግድግዳው ይጠጣዋል፣ የኔው ማሽን እንደገና ይቀዳዋል። ያው ውሃ ነው ይሄን ሁሉ ሳምንት ቤታችን ውስጥ ሲዞር የከረመው። እኔ ደግሞ ባልዲውን ስለሚደፋልኝ ሳመሰግነው።

አላለቀስኩም። ቆሜ ጠበቅኩ፣ አልመጣም። እራት ሠራሁ። ሦስት ሰሃን ሲያወጣ ዝም አልኩት።

ሬዲዮው ከሞተ ሰንብቷል። ለእትዬ ኮቴ ሬዲዮ ነው ያልኳቸው ከሞተ በኋላ ነው። ታዲያ አውቅ ነበር ማለት ነው? እንጃ።

ዓርብ ማታ

አባዬ ሁልጊዜ ማታ እኔ ከተኛሁ በኋላ የእንፋሎት ማሽኑን አጥቦ፣ እንዲደርቅ ኩሽና ከድስቶቹ ጀርባ ይደፋዋል ለካ። ጠዋት ሳይነሳ ከረጢቴ ውስጥ ከትቼው ወደ ሥራ ሄድኩ። ቀላል ነበር፣ ክፍሉ ውስጥ መግባት እንኳን አላስፈለገኝም። ሁለት ቀን ከደረቀ እሁድ ትንሽ ይሻሻላል ብዬ ነው።

ማታ በራችንን የከፈቱልኝ እትዬ ኮቴ ናቸው።

ቤቱ ጉም በጉም ነው። ምድጃው ላይ ባለን ድስት ሁሉ ውሃ ተጥዶ ነበር፣ አንዱ ተንኖ አልቆ ታቹ ከስሏል። አባዬ ግራ እጁን በእርጥብ ፎጣ ጠቅልሎ ተቀምጧል። የፈላ ድስት ይዞ ወደ ክፍሉ ሊገባ ሲል ፈስሶበት ነው። ሲያየኝ እንደ ልጅ አለቀሰ።

«ማሽኗን ሰረቁን። ትንፋሽ አጠራት። ብጠራሽ ብጠራሽ የለሽም።»

«የሚቃጠል ሸተተኝና ወረድኩ» አሉ እትዬ ኮቴ። «እጁን አይቼዋለሁ፣ ላይ ላዩን ነው። ቅባት ቀብቼዋለሁ።»

ከረጢቴን ከፍቼ ማሽኑን አወጣሁ። ሁለቱም አዩኝ።

«ጠጋኝ ጋ ወስጄው ነው አባዬ። ይኸው ተሠራ።»

«እግዜር ይስጥሽ» አለኝ። ይሄን ያለው ለኔ ነው፣ ለሌባዋ።

ምን ዓይነት ልጅ ነኝ?

ቅዳሜ

ላይ ወጣሁ።

«ቧንቧው አይደለም» አልኳቸው።

«አውቃለሁ።»

«ያን ቀን ስለ እማዬ ያልኩትም…»

«እሱንም አውቃለሁ። ባዶ እግርሽን ነው እንዴ የወጣሽው? ግቢ፣ ይበርድሻል።»

አልገባሁም። ከገባሁ የምወጣ አልመሰለኝም። ወንድም ጋሼ ነገ እንደሚመጣ፣ ግድግዳው ካልደረቀ አባዬን እንደሚወስደው ግን እዚያው ቆሜ ነገርኳቸው።

ሰባ ሰባት። ነገ ነው።

እሁድ ማታ

ወንድም ጋሼ መጣ። አባዬን ሁለት ጊዜ ሳመው፣ ቀጥታ ወደ ኮሪደሩ ሄደና መዳፉን ግድግዳው ላይ ለጠፈ። ሲያነሳው እርጥብ ነው። በመሐረብ ጠረገው።

«አልደረቀም።»

«አልደረቀም።»

«ከየት ነው የሚመጣው?»

መልሱን ተዘጋጅቼበት ነበር። ዓይኔን በጨው አጥቤ ከላይ ነው ልለው ነበር። አፌ አልታዘዝ አለኝ። አባዬ ሳሎን ተቀምጦ፣ የታሰረ እጁን ጭኑ ላይ አድርጎ፣ ልጆቹን አንድ ላይ ስላየ ፈገግ ብሏል።

ደረጃው ላይ ያ ጫማ ተሰማ። እትዬ ኮቴ ክፍት በነበረው በር ገቡ።

«እንኳን ደህና መጣህ ልጄ። መምጣትህን ሰምቼ ይቅርታ ልጠይቅ ነው። ይሄን ሁሉ ያመጣው የኔ ቧንቧ ነው።»

ወንድም ጋሼ ዞረ። «የእርስዎ?»

«የኔ። እህትህ ነግራኝ ነበር፣ እኔ ነኝ እምቢ ብዬ የተሟገትኳት። አሁን ሠራተኛ አምጥቼ አሳይቻለሁ። ግድግዳ ግን በአንድ ቀን አይደርቅም፣ ጊዜ ስጡት።»

እኔን አላዩኝም። ቧንቧዬ አንድ ጠብታ አፍስሶ አያውቅም ያሉት ሴትዮ ናቸው።

«እጁስ?» አለኝ ወንድም ጋሼ።

«ድስት ሲያወርድ።»

ከዚያ ሁላችንም ዝም አልን። ዝም ባንል ይሻል ነበር። ከተዘጋው በር ጀርባ ያ ቀጭን «ሽሽሽ» የሚል ድምፅ ተሰማ። ወንድም ጋሼ የገዛውን ማሽን ድምፅ ያውቀዋል፤ እማዬ ሆስፒታል ከመግባቷ በፊት በነበሩት ቀናት እዚያ ክፍል ወለል ላይ ያደረው እሱ ነው። በሩን አየ። እኔን አየ። መያዣውን ያዘ።

«ቀስ በል!» አለ አባዬ ከሳሎን። «ተኝታለች።»

የወንድም ጋሼ እጅ መያዣው ላይ ቀረ። እትዬ ኮቴ መሬት መሬት ያያሉ። ከዚያ እጁን አነሳ።

«እሺ አባባ» አለ። ከበሩ ፈቀቅ ብሎ ደገመው። «እሺ።»

እስከ መኪናው ሸኘሁት። ስለ ማረፊያው አላነሳም።

«ከመቼ ጀምሮ ነው?»

«እንጃ። እሷ ከሄደች ጀምሮ መሰለኝ።»

«ሐኪም ይየው። ቀን ቀን ደግሞ ብቻውን መሆን የለበትም።»

«እትዬ ኮቴ ይወርዳሉ። ምድጃውንም በሌላ እለውጠዋለሁ።» እትዬ ኮቴን አልጠየቅኳቸውም። ግን ይወርዳሉ።

«እስከሚቀጥለው ዝናብ እንየው» አለ። መኪናው ውስጥ ገብቶ ሞተሩን ሳያስነሳ መሪውን ይዞ ብዙ ተቀመጠ። መስታወቱን ላንኳኳ ብዬ ተውኩት።

ሰኞ

ጠዋት ዝናብ የለም። ባልዲው ሞልቷል። አባዬ በአንድ እጁ ሊያነሳው ሲታገል ደረስኩና ተቀበልኩት።

በሩን በክርኔ ገፋሁ። ደፉን አለፍኩ። የእሷ ሽታ ሳይሆን የእርጥብ ትራስ ሽታ ነው ያለው። አልጋውን ሳልነካ በጎን ዞርኩ፣ ክዳኑን ከፈትኩ፣ ጨርቁን ዘረጋሁ፣ ውሃውን ጨመርኩ። ክዳኑ ከእጄ አምልጦ ጠረጴዛው ላይ ተንኳኳ።

አባዬ ደፉ ላይ ቆሟል። «ቀስ በይ ልጄ፣ ትነቃለች።»

«እሺ» አልኩት።

ያኔ አለቀስኩ። እማዬ እንዳትነቃ፣ ድምፄን ሳላሰማ።